የመሲናዋ እንቁላሎች

መሲና የሚለውን ቃል ያወጣው ሰው ቢላዋ በእጁ ይዞ እንደነበር አልጠራጠርም። ላም መውለድ ስታቆም መሲና ትባላለች፤ ጥጃና ወተት ስለቀረላት ትሰባለች፤ ስለሰባች ትታረዳለች። በእኛ አገር የመሲና ሥጋ ከበሬ ሥጋ ይመረጣል። ልጅ ያጣች ሴትም በሄደችበት ይኸው ስም ይወረወርባታል። እሷን እንኳ አያርዷትም፤ ሌላ ሌላውን ግን ያደርጓታል።

የእኔይቱ ላም መሲና ተብላ ስትሰደብ ስሙን የሚሞላ ሥጋ እንኳ አልነበራትም። ጎድኗ ይቆጠር ነበር። ግንባሯ ላይ ቦቃ ያላት ቀይ ላም ናት። የእኔ አልሁ እንጂ የእኔ አይደለችም፤ ፍኖተ ሰላም ገበያ በርበሬ የሚነግዱት የሐጂ ናት። በርቢ ነው የሰጡኝ። ባለላሙ ላሙን ይሰጣል፤ አርቢው ይቀልባል፣ ያግዳል፣ ወተቱን ይጠጣል፤ የሚወለደውን ይካፈላሉ። የእኔና የሐጂ ውል የመጀመሪያው ጥጃ የእሳቸው፣ ሁለተኛው የእኔ የሚል ነበር። የመጀመሪያዋ ሴት ሆነችና አድጋ፣ ጊደር ሆና ወደ ሐጂ ግቢ ተነዳች። ሁለተኛው ግን አልመጣም። ላሚቱ ነጠፈች፤ ኮርማ አጠገቧ ሲያልፍ ቀና ብላም አታየው። አንድ ክረምት አለፈ። ሌላም ክረምት አለፈ።

ይህን ሁለተኛ ጥጃ ለምን እንደዚያ እንደጠበቅሁት ልናገር። በዕድሜዬ የራሴ የምለው ከብት ኖሮኝ አያውቅም። በሰው በሬ አርሻለሁ፤ የሰው ላም አልቤአለሁ፤ አሁን ደግሞ ፍኖተ ሰላም ቄራ የሰው ከብት ቆዳ እገፍፋለሁ። ፊደል የቆጠርሁትም ጢሜ ከሸበተ በኋላ፣ እኔ ሳገባ ያልተወለደች አስተማሪ እጄን ይዛ ነው። ከዚያ በፊት ሌላው ባነበበልኝ ነበር የማምነው፤ ያነበቡልኝም ሁሉ እንደሚመቻቸው አድርገው ነበር የሚያነቡልኝ። ስለዚህ ያ ጥጃ ለእኔ ጥጃ ብቻ አልነበረም። አንድ ጊዜ እንኳ “የማን ነው?” ብለው ሲጠይቁኝ “የእኔ” ማለት ፈልጌ ነበር።

በጥር አንድ ቀን ሐጂ ግቢያችን ድረስ መጡ። ላሚቱን ዞረው አዩ፤ በከዘራቸው ጫፍ ጎኗን ነካ አደረጓት።

“መሲና ናት፤ በቃ።”

“ትንሽ ይታገሡ እንጂ ሐጂ።”

“ሁለት ዓመት ታገሥሁ። ሚስት ብትሆን ይኼኔ ሌላ አግብቼ ነበር።”

ሚስቴ ከጓዳ ሆና “አግብተዋል እኮ ሐጂ” አለች።

ሐጂ ሳቁ። መሳቅ የሚችሉ ሰው ናቸው፤ የሚያስቀይመኝም እሱ ነው። ከፋሲካችሁ በፊት እወስዳታለሁ አሉኝ፤ ግቢዬ አስሬ አሰባትና ለአረፋ አርዳታለሁ። ሊወጡ ሲሉ መለስ ብለው፣ “የእስላም ሥጋ የምትበላ ብትሆን ቅልጥሟን እልክልህ ነበር” አሉ።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ላሚቱ ከሄደች እነዚያን ዓመታት ሁሉ የቀለብሁት ለሰው ነው።

በዚያው ወር ቄራ አንዲት ልጅ ትመጣ ነበር። የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ጋወኗን ለብሳ፣ የሻይ ቴርሞስ ይዛ ማለዳ ትደርስና ከታረዱት ላሞች የእንቁላል ዕጢያቸውን ትለቅማለች። ከላም ማኅፀን በቀኝና በግራ የምትንጠለጠል፣ የሾላ ፍሬ የምታክል ነገር ናት። እኛ ከብዙ ነገር ጋር ለውሻ የምንጥላትን እሷ በሞቀ ውኃ አጥባ ቴርሞሱ ውስጥ ታስቀምጣታለች። የቄራ ጎረምሶች “የእንቁላል ነጋዴዋ” አሏት።

“በዚያ ቴርሞስ ሻይም ትጠጪበታለሽ?” አልኋት አንድ ቀን።

“እስካሁን የጋበዝሁት ሰው የለም ጋሼ፤ አይፍሩ።”

ለቅበላ እርድ በበዛበት ሰሞን አንዲት የሰባች መሲና ገባች። ሆድ ዕቃዋን ሳወጣ ልጅቱ አጠገቤ መጥታ ቆመች። እኔም ለእሷ አስቤ፣ “ይቺን ተያት፤ መሲና ናት። ባዶ ናት” አልኋት።

“ባዶ መሆኗን በምን አወቁ?”

“አልወለደችማ።”

“ያልወለደ ሁሉ ባዶ ነው?”

ዕጢዋን ቆርጬ ሰጠኋት። በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ በሩ ብርሃን አስጠጋቻት። ላይዋ ላይ ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ እብጠቶች አሉ፤ ፀሐይ ሲያገኛቸው ያበራሉ። በእያንዳንዷ እብጠት ውስጥ አንዲት እንቁላል አለች አለችኝ። እነዚህ በዓይን የሚታዩት ናቸው፤ የማይታዩት፣ ገና የተኙት፣ ተቆጥረው አያልቁም። ይህች ላም የአምስት ላም ዕድሜ ብትኖር እንኳ አትጨርሳቸውም አለች። ቢላዋዬን እንደያዝሁ ቀረሁ። ስንት መሲና ገፍፌአለሁ፤ ስንቷን ባዶ ብያለሁ።

ስለ ላሜ የነገርኋት ያኔ ነው። “አያታለሁ፤ ግን መጀመሪያ ቡሬ ይምጡና ምን እንደምፈልግ ይዩ” አለችኝ። ዕጢዎቹን የምትመረምርበት ክፍል ቡሬ ነበር። በማግስቱ በሚኒባስ አብረን ሄድን። ቴርሞሱን እኔ ጭኔ ላይ ይዤዋለሁ። አጠገቤ የተቀመጠ ገበሬ ቴርሞሱን ደጋግሞ አየና፣

“ምን ይዘሃል አያ?” አለኝ።

“እንቁላል።”

“እንዳይሰበር ነው እንዲህ ያቀፍኸው? የዶሮ ነው?”

“የላም ነው።”

መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ገበሬው አልሳቀም። ወደ መስኮቱ ጠጋ አለልኝ፤ እብድ መስዬው ይሆናል። ልጅቱ ከፊት ወንበር ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየኋት።

ማይክሮስኮፑ ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ሽፋሽፍት ነው። “ዓይንዎን ትንሽ ያርቁ፤ አይቸኩሉ” አለችኝ። ራቅ አልሁ። ጥቁር ነገር ሄደና ብርሃን መጣ። በብርሃኑ መካከል አንዲት ክብ ነገር ቁጭ ብላለች።

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፤ ፊደል የተማርሁት ለእንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ክብ ናት፤ እንከን የሌላት ክብ። ዙሪያዋን የጠራ ቀለበት ከቧታል፤ ከቀለበቱ ውጭ ደግሞ ጥቃቅን ፍሬዎች እንደ ደመና ተሰብስበው አቅፈዋታል። ልጅቱ እንቁላሏ ያለችበትን ትንሽ ሳህን በጣቷ ነካ ስታደርገው ሁሉም አብሮ ተንሳፈፈ። ይህች የዚያች መሲና እንቁላል ናት። ሥጋዋ ተበልቶ አልቋል፣ ቆዳዋ በጨው ታሽቶ ወደ ባሕር ዳር ሄዷል፤ እሷ ግን እዚህ ብርሃን ላይ ተቀምጣ አንድ ነገር ትጠብቃለች።

“መቼ ነው የተሠራችው?” አልሁ። ወተት ዛሬ ታልቦ ነገ ደግሞ እንደሚሞላ፣ እንቁላልም የሰሞኑ ይመስለኝ ነበር።

“ላሚቱ ራሷ በእናቷ ሆድ ሳለች።”

ዓይኔን ከማይክሮስኮፑ አነሣሁ። የቀለደችብኝ መስሎኝ ነበር። አልቀለደችም። ሴት ጥጃ ገና ሳትወለድ፣ በእናቷ ማኅፀን ውስጥ እንዳለች፣ ለዕድሜዋ የሚበቃው እንቁላል ተሠርቶ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ይተኛል፤ ዓመት ዓመቱን ተኝቶ ይጠብቃል። ላም ብቻ አይደለችም። ጡት የምታጠባ ፍጥረት አብዛኛዋ፣ በጓም፣ አህያዋም፣ ሴት ልጅም እንዲሁ ናት አለች።

የምቀመጥበት ፈልጌ ተቀመጥሁ። እናቴን አላውቃትም። ያሳደጉኝ ሰዎች ሲቆጡ “ከየት የመጣህ ነህ?” ይሉኝ ነበር፤ እኔም የምመልሰው አልነበረኝም። ይኸውልህ መልሱ ብዬ ለራሴ አሰብሁ። እናቴ ገና ዓይን ሳታወጣ፣ ስም ሳይወጣላት፣ በአያቴ ሆድ ውስጥ ስትገላበጥ እኔ የተሠራሁባት እንቁላል በእሷ ውስጥ ነበረች። አያቴ ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትሸከም፣ የእኔንም ግማሽ ተሸክማ ነበር። እሷም አታውቅ፣ ማንም አያውቅ። ከሆድ ውስጥ ሆድ፣ ከዚያም ውስጥ እንቁላል። የመጣሁበትስ አለኝ። ያሳደጉኝ ሰዎች ያን አያውቁም ነበር እንጂ።

ልጅቱ አጠገቤ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና የእሷን ጉዳይ ነገረችኝ። ለብዙ ዘመን ሊቃውንቱ ሁሉ ነገሩ ጎተራ ነው ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ ይሞላል፤ ከዚያ ይወጣለታል እንጂ አይጨመርበትም። በኋላ ግን በአይጥ ላይ የሠሩ ሰዎች ተነሡና፣ የለም፣ ዕጢው ውስጥ ስቴም ሴል አለ፣ አዲስ እንቁላል ይሠራል አሉ። ስቴም ሴል ማለት ገና ምን እንደሚሆን ያልቆረጠ፣ ራሱን እያበዛ ሌላውን የሚወልድ የሰውነት ፍሬ ነው። ጎተራ አይደለም፤ ምንጭ ነው አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ያያችሁት ሌላ ነገር ነው ብለው መለሱላቸው። እስካሁን ይሟገታሉ። እሷም በላሞቹ ዕጢ ውስጥ ያን ምንጭ ትፈልጋለች።

“አገኘሽው?”

“አላገኘሁትም።”

“እና ለምን ትፈልጊዋለሽ?”

“ስላላገኘሁት ነዋ ጋሼ።”

ቀልድ ይሁን ቁም ነገር አልገባኝም፤ ኋላ ስትሠራ ሳያት ቁም ነገር እንደነበረ ገባኝ።

ጾም ሲገባ ቄራው ተዘጋ። ልጅቱ ቃሏን ጠብቃ ቤቴ መጣች። እስከ ትከሻዋ የሚደርስ ጓንት አጠለቀችና እጇን በላሚቱ ኋላ አስገባች። ሚስቴ ነጠላዋን በአፏ ላይ አድርጋ ታያለች። ላሚቱ አንድ ጊዜ ጀርባዋን ቆልመም አደረገችና ቆመች። ልጅቱ ዓይኗን ጨፍና፣ ጨለማ ቤት ውስጥ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው፣ በዝግታ ዳበሰች።

“ሁለቱም ዕጢዎቿ አሉ። ጤነኞች ናቸው፤ ግን ተኝተዋል። ላሚቱ ባዶ አይደለችም ጋሼ። ተርባለች።”

የላሚቱን ገመድ ለቀቅሁት። “እኔ ላም አስርቤ?”

“ምንድን ነው የምትበላው?”

“ገለባ ነዋ። ሌላው ምን ያበላል?”

ሚስቴ “እሱም የሚበላው ያው ነው” አለች።

ልጅቱ እጇን እየታጠበች አስረዳችኝ። የላም ሰውነት ብልህ ነው፤ ለራሷ ያልበቃትን ለጥጃ አያካፍልም። ስለዚህ እንቁላሎቹን አያነቃቸውም። ፋጉሎ፣ ጨው፣ እርጥብ ሳር ከተገኘ ሊነቁ ይችላሉ። ይነቃሉ አላለችም፤ ሊነቁ ይችላሉ ነው ያለችው።

እዚህ ላይ ነው የሞኝ ሥራ የሠራሁት። ዝም ብዬ ፋጉሎ ፈልጌ ብቀልባት ምን ነበረበት? ግን ያን ያየ ሰው ዝም ማለት አይችልም። ቅዳሜ ገበያ ሄጄ ሐጂን በርበሬ ክምራቸው አጠገብ አገኘኋቸውና ያየሁትን ሁሉ ዘረገፍሁላቸው። ላሚቱ ባዶ አይደለችም፤ እንቁላሎቿ እሷ በእናቷ ሆድ ሳለች የተሠሩ ናቸው፤ ተኝተው ነው፤ ጥሩ ብትበላ ይነቃሉ። ሐጂ በርበሬ ማገላበጣቸውን ትተው ሰሙኝ። እንደዚያ አድርገው ሰምተውኝ አያውቁም።

“በእናቷ ሆድ ሳለች?”

“አዎ!”

“እናቷ የማን ነበረች?”

አንዲት ዛላ በርበሬ አንሥቼ አገላበጥሁ።

“የእኔ ነበረች፤ ግቢዬ ውስጥ ነው የወለደቻት፤ ኋላ ስታረጅ አረድኋት። ታዲያ እንቁላሎቹ በእኔ ግቢ፣ በእኔ ሳር ተሠርተው ነው ወዳንተ የመጡት። አንተ በእንግድነት ነው ያስቀመጥሃቸው።” ከዚያ ደስ ብሏቸው በርበሬያቸውን ያገላብጡ ጀመር። “አላርዳትም በቃ። ጥሩ ነገር ነገርኸኝ። ወስጄ ፋጉሎ አብልቼ እኔው አስወልዳታለሁ።”

ከቢላዋ አዳንኋት፤ በዚያው አፌ ደግሞ ለሐጂ አስረከብኋት። ወደ ቤት ስመለስ ለሚስቴ ነገርኋት። “ፊደል ባትቆጥር ይሻልህ ነበር” አለችኝና ወጥ ማማሰሏን ቀጠለች።

ውላችንን ያዋዋሉን መሪጌታ ነበሩ። ድጓ የሚያስተምሩ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ጆሯቸው ግን የማይስት አዛውንት ናቸው። ለሽምግልና ቀን ቆረጡልን። እኔም አንድ መውጫ አገኘሁ ብዬ ወደ ልጅቱ ሄድሁ። ነገሩ ጎተራ ከሆነ የሐጂ ነው። ምንጭ ከሆነ ግን፣ እንቁላሉ በየጊዜው የሚሠራ ከሆነ፣ በእኔ ግቢ በእኔ ገለባ የተሠራ ነውና የእኔ ነው።

“ምንጭ ነው በይልኝ” አልኋት።

“አልልም።”

“ለአንዲት ላም እኮ ነው።”

“ለአንዲት ላም ብዬ ከዋሸሁ ለሌላው ምን ልናገር ነው ጋሼ?”

የተማረ ሰው አንጀት የለውም ብያት ወጣሁ። እሷ ግን ሳትቀየም በተቀጠረው ቀን መጣች።

ከመሪጌታ ደጅ፣ ከዋርካው ሥር ተቀመጥን። ሐጂ ክርክራቸውን እንደ ጠበቃ አቀረቡ፤ እንቁላሉ የእሳቸው፣ ማደሪያው ብቻ የእኔ። እኔም የምንጩን ነገር ተናገርሁ። መሪጌታ አቀርቅረው ሰሙና ወደ ልጅቱ ዞሩ።

“አንቺ ልጅ፣ የትኛው ነው እውነቱ? ጎተራ ነው ወይስ ምንጭ?”

“ብዙዎቹ ጎተራ ነው ይላሉ አባቴ። ምንጭ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ሁለት ዓመት ፈለግሁ፤ አላውቅም።”

“አታውቂም?”

“አላውቅም።”

መሪጌታ መቋሚያቸውን ወደ ጭናቸው ሳቡ። “ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪ አስተማርሁ” አሉ፤ “ይህችን ቃል ከተማረ ሰው አፍ የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው። እሺ፤ የምታውቂውን ልጠይቅሽ። የተኛችው እንቁላል ከነቃች በኋላ ወዲያው ጥጃ ትሆናለች?”

“አትሆንም። ለመብሰል ወራት ይፈጅባታል። ስትተኛ ኢምንት ናት፤ በእነዚያ ወራት ታድጋለች፣ ትወፍራለች። ኮርማው የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው።”

“የሚያሳድጋት ምንድን ነው?”

“የላሚቱ ደም ነው።”

“ደሙስ?”

“ከምትበላው።”

መሪጌታ ወደ ሐጂ ዞሩ። “ሐጂ፣ ይህችን ላም መሲና ብለዋታል?”

“ብያታለሁ።”

“መሲና ካሏት የሚጠይቁት ሥጋ ነው። ጥጃ የሚጠይቁ ከሆነ ደግሞ መሲና አይደለችም፤ ውሉም አልሞተም። ውሉ ካልሞተ ተራው የእሱ ነው። የተኛው የእርስዎ ይሁን፤ የነቃው ግን ቀልቦ ላነቃው ይሁን። እስከ አረፋ ከእሱ ዘንድ ትቆይ። ኮርማ ከፈለገች ጥጃው የእሱ ነው፤ ካልፈለገች ያን ጊዜ ይውሰዷት።”

ሐጂ ጢማቸውን ዳሰሱ። “ላም የሰጠና ገለባ የሰጠ እኩል ሆነ ማለት ነው” አሉ። ግን ተነሥተው የመሪጌታን ጉልበት ሳሙ፤ ነገሩ አለቀ።

ከዚያ ወዲያ እኔና ሚስቴ ያደረግነውን ጎረቤት አይቶ ስቋል። ከዘይት መጭመቂያ ፋጉሎ፣ ጠላ ከሚጠምቁ ቤቶች አተላ ለመንን። ሚስቴ ከመስኖው ዳር ሳር እያጨደች በጀርባዋ አመጣች። ለጾም የገዛነውን የሽሮ ጨው ሳይቀር ላሰችው። ላሚቱ ስታመነዥግ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። ከጎድኗ ወዲያ፣ ከሆድ ዕቃዋ ኋላ፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ የተኙት ይታዩኝ ነበር። እሷ በእናቷ ሆድ ሳለች የተኙ፤ የእናቷን መታረድ ያልሰሙ፣ የእኔንና የሐጂን ጭቅጭቅ የማያውቁ። ያኘከችው ሳር ደም ሆኖ እዚያ ይደርሳል፤ ከእልፍ አንዷን ነካ ያደርጋታል። ለምን ያችኛዋን? ልጅቱን ጠየቅኋት፤ ይህንንም እንደማታውቅ ነገረችኝ። አልተናደድሁባትም። ቤተ ክርስቲያን ስገባ የማይሰማኝ ፍርሃት በዚያ በረት ተሰማኝ፤ ሰው ቢሰማኝ ይስቅብኛል ብዬ ለማንም አልተናገርሁም።

ፋሲካ አለፈ፤ ምንም የለም። ዳግማይ ትንሣኤ አለፈ፤ ምንም የለም። ሐጂ በልጃቸው በኩል “ገመዴን አዘጋጅቻለሁ” ብለው ላኩብኝ። ግንቦት ከገባ በኋላ አንድ ማለዳ ከቤት ስወጣ ላሚቱ ጮኸች። የጥጃ ጥሪ አይደለም፤ የርኃብም አይደለም። አንገቷን ወደ ጎረቤት ግቢ ዘርግታ፣ ጅራቷን ወደ ጎን አድርጋ ቆማለች፤ ገለባውን አልነካችውም። ሚስቴ ወደ በሩ መጥታ አየቻትና፣

“ምን ቆመህ ታያታለህ? ኮርማውን አምጣላት እንጂ” አለች።

ሮጥሁ። በዚህ ዕድሜዬ ሮጥሁ። ጎረቤቴ “ቤትህ ተቃጠለ ወይ?” አለኝ፤ መልስ ሳልሰጠው የኮርማውን ገመድ ፈታሁ።

ለአረፋ ሐጂ ሌላ ከብት አረዱ።

ጥጃዋ የተወለደችው በሚቀጥለው የካቲት፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ነው። ሁለት ሰኮና መጣ፣ ከዚያ አፍንጫ፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደቀ። ላሚቱ ዞራ መላስ ጀመረች። ኋላዋን አየሁ፤ ሴት ናት። ለልጅቱ ደወልሁ። ጥናቷን ጨርሳ ወደ ሌላ አገር ተመድባለች፤ ምንጩን አላገኘችውም። “የለም አልልም ጋሼ፤ እኔ አላገኘሁትም ነው የምለው” አለችኝ፤ ከዚያም ስለ ጥጃዋ መልክ አንድ በአንድ አስቆጠረችኝ።

ሐጂ በማግስቱ መጡ። ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው ጥጃዋ እንዴት እንደምትወድቅና እንደምትነሣ አዩ።

“ሴት ናት?”

“ሴት ናት።”

“እንግዲህ በራሴ ሕግ ብንሄድ፣ በዚህች ሆድ ውስጥ ያሉት እዚሁ ግቢህ የተሠሩ ናቸው።”

“ናቸው።”

“ያንተን ገለባ በልታ።”

“ፋጉሎ ነው ሐጂ።”

ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከእሳቸው ጋር አብሬ የሳቅሁት ያኔ ነው። “ይባርክልህ” ብለውኝ ሄዱ። በማግስቱ መንገድ ላይ አንድ ሰው በአጥሩ በኩል አይቶ “ቆንጆ ጥጃ ናት፤ የማን ናት?” አለኝ። መለስሁለት። ቃሉ ካሰብሁት በላይ አጭር ሆነብኝ።

ሰውየው ካለፈ በኋላ ወደ በረቱ ገባሁ። ጥጃዋ ጡት አግኝታ ጭራዋን እያወዛወዘች ትጠባለች። እጄን ጎኗ ላይ አሳረፍሁ። ቆዳዋ ገና ለስላሳ ነው፤ ከሥሩ የልቧ ምት ይሰማል። ከዚያ ወዲያ ያለው አይሰማም፣ አይታይምም። እዚያ እንዳለ ግን አውቃለሁ፤ ወደፊት የምትወልዳቸውን፣ እኔ የማላያቸውን ጥጆች ሁሉ ይዛ፣ የሦስት ቀን ዕድሜ ሳይሞላት፣ ቆማ ወተት ትጠጣለች።